መጀመሪያ ልብሱን አምጡ

ዶክተር ሰይድ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ስልክ ጠፍቶ ከርሞ ድንገት መጣና ሞጣ ያለ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ደወለልኝ። "ሰማህ አይደል? ሐኪሙ እኮ አረፉ" አለኝ። ክው አልሁ። ከዚያ ከአፌ የወጣው ነገር እስካሁን ያሳፍረኛል፤ ነፍስ ይማር እንኳ ሳልል "ምን ገደላቸው? ማን ነበር አጠገባቸው?" ብዬ ጠየቅሁት። "ስኳር ነው አሉ። አልጋቸው ላይ እንደተኙ ነው አሉ" አለኝ። እሱ "አሉ" ሲል የሳቸው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፦ "'አሉ' ምስክር አይሆንም ሳጅን፤ ያየውን ሰው አምጣልኝ።" መንገዱ ዝግ ስለነበር ለቅሶ መድረስ አልቻልሁም። ለባለቤታቸው ደውዬ "አላህ ያጽናዎት" አልሁና ስልኩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

እኔ ያኔ ቢቸና መርማሪ ፖሊስ ነበርሁ። አሁን ጡረታ ላይ ስለሆንሁ ልናገረው፦ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ለናቱ ይባላል፣ እኔም እናቴን ጦሬአለሁ፣ ቀብሬአለሁም። ዩኒፎርሙ ነው ሰው ፊት ያቆመኝ እንጂ ሬሳ ባየሁ ቁጥር መውጫ በር እፈልግ ነበር። ሥራዬ ደግሞ ሬሳ ነው። ሰው በድንገት ወይም በሰው እጅ ሲሞት ፖሊስ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ የሞቱን ምክንያት ይጽፋል፣ ዐቃቤ ሕግ በዚያ ወረቀት ይከሳል ወይም ይለቃል። ወጉ ይኼ ነው። በእኛ አገር ግን ወረቀቱን ከዐቃቤ ሕግ እኩል የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ፣ የሟች ወንድም። "በሰው እጅ ሞተ" የሚል ቃል ከወጣ ያ ወንድም ፀጉሩን አይቆረጥም፣ ሠርግ ላይ አይዘፍንም፣ ደሙን እስኪመልስ ድረስ። ስለዚህ ብዙ ሐኪም እንዲህ ያለ ሬሳ ሲመጣበት "ወደ ባሕር ዳር ይላክ" ብሎ ይገላገላል። አይፈረድበትም።

ዶክተር ሰይድ አይልኩም ነበር። ከሞጣ እስከ ቢቸና ያለው አስቸጋሪ ሞት ሁሉ በሳቸው እጅ ያልፋል፤ ወጣቶቹ ሐኪሞች የጻፉትንም ሳያዩት አይወጣም። ረዥም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ነበሩ። አባታቸው ሞጣ ገበያ ላይ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ ያደጉት ጣቃ መሐል ነው። ሬሳ ተሸክመን ስንደርስ የመጀመሪያው ቃላቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ "መጀመሪያ ልብሱን አምጡ።" ልብሱን በሁለት ጣታቸው ያሻሉ፣ ወደ መስኮቱ ይዘው ያያሉ፣ ያሸታሉ። ከዚያ ወደ ሬሳው ክፍል ሲገቡ፣ ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ በራፍ ላይ "እህህ" ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። መጀመሪያ ቀን ስሰማቸው ሳቄ መጣ፤ በኋላ ግን እኔም ሳላውቀው እንደሳቸው ማድረግ ጀመርሁ።

አንዳንድ የገጠር ቄስ "እስላም ሬሳችንን አይነካም" ብሎ በር ላይ ይቆማል። አይቆጡም። "አባ፣ ይግቡና እዚሁ ይቁሙ፤ እርስዎ የራስዎን ይጸልዩ፣ እኔም በሆዴ የራሴን እላለሁ። ሟቹ ሁለት ጸሎት ቢያገኝ ምን ይጎዳዋል?" ይሏቸዋል። እኔን ደግሞ ያሾፉብኝ ነበር። "ሳጅን፣ ሬሳ እየፈራህ ፖሊስ ሆንህ? ከሞተ ሰው ምን ይመጣብሃል? የሚያስፈራውስ በር ላይ የቆመው ነው።" እውነታቸውን ነበር። በር ላይ የቆመውን ያየሁት በታደለ ሞት ጊዜ ነው።

ታደለ ገበሬ ነው፣ ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ የሚል ቀበሌ ሰው። በጥር ወር፣ ከሠርግ ሲመለስ ጀምበር ስታዘቀዝቅ በጥይት ተመቶ ሞተ። አብሮት የነበረው ታናሽ ወንድሙ እንየው ነው። የእንየው ቃል አጭር ነበር፦ "በሸለቆው ጠርዝ ስንሄድ ከማዶ ጉብታ ተተኮሰ። ባዬ ነው። ከሱ በቀር ጠላት የለንም።" ባዬ የሚባለው ጎረቤታቸው ነው፣ በመሬት ድንበር ከታደለ ጋር ሁለት ዓመት ሲካሰስ የኖረ። ወሬው ሲደርሰው ሮጦ መጥቶ እጁን ለኛ ሰጠ። ጠመንጃው ተተኩሶበታል፤ ግን በዚያ ሠርግ ላይ ያልተኮሰ ጠመንጃ አልነበረም። "ሳጅን፣ አልገደልሁም" አለኝ። "ግን እባክህ እንዳትለቀኝ። እዚህ ካልሆንሁ ዛሬውኑ ይገድሉኛል።" ከብቶቹን ማን እንደሚያጠጣለት ይጠይቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

እኔ ቀበሌው ስደርስ ሬሳው ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ ቃሬዛ ላይ ነበር። ለምን ነካችሁት ብዬ ብቆጣ አንዲት ሴትዮ "ታዲያ በደም እንደተጨማለቀ ወደ ፈጣሪው ይሂድ?" አለችኝ። ምን ይመለሳል? ከፍቅር የመጣ ጥፋት ነው። ይዘነው ቢቸና ገባን። ዶክተር ሰይድ መግነዙን በቀስታ ፈቱት። ጥይቱ ከግራ ጎኑ ከጎድኑ በታች ገብቶ በቀኝ ትከሻው አጠገብ ወጥቷል። የገባበት ቦታ ንጹሕ ነው፣ ቃጠሎ የለም፣ ጥቁረት የለም። ከሩቅ የተተኮሰ ጥይት እንዲህ እንደሆነ እኔም ተምሬአለሁ። ስለዚህ አለቃዬ እንዳዘዘኝ ቅጹን ሞልቼ "ከርቀት በተተኮሰ ጥይት" ብዬ ጽፌ ቀረብሁ፤ የቀረው ፊርማቸው ብቻ ነው።

"ልብሱስ?" አሉኝ።

እንየው በር ላይ ቆሟል። "ልብስ የለም፣ አቃጠልነው" አለ። ቶሎ ነው የመለሰው።

ዶክተር ሰይድ መነጽራቸውን አወለቁና ለትንሽ ጊዜ አዩት። "ማዶው ጉብታ ከመንገዱ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ?" አሉ። "ከፍ ይላል" አለ እንየው። እሳቸውም "እሺ" አሉና ሬሳው ለቀብር እንዲሄድ ፈቀዱ። ወረቀቱን ግን አልፈረሙም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ነፍሴን አስጨነቋት። በየማለዳው የታደለ ዘመዶች ይመጡና ከሆስፒታሉ በር ትይዩ ካለው ግንብ ሥር ይቀመጣሉ፣ አምስት፣ ስድስት ሆነው፣ ጋቢያቸውን ጠመንጃቸው ላይ ደርበው። አይጮኹም፣ አይሳደቡም። ዶክተር ሰይድ ሲገቡ ተነሥተው እጅ ይነሳሉ፣ ሲወጡም ተነሥተው እጅ ይነሳሉ። ያ ትሕትና ከስድብ ይልቅ ያስፈራ ነበር። አለቃዬ "ሐኪሙ ምን ያንዛዛሉ? ይፈርሙና እንገላገል" ይለኛል። ባዬን ወደ ደብረ ማርቆስ የምናሻግርበት ቀን ተቆርጧል፤ መንገዱ ላይ ማን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አፉን አይከፍትም። ሚስቴ "አንተ ደግሞ ምን አለብህ? ዝም በል" አለችኝ። ዝም አልሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዶክተር ሰይድ ጣቢያ ድረስ መጡ። "ሳጅን፣ ተነሥ። እናቱ ጋ እንሄዳለን።"

"ኃይል ይዤ ልምጣ፣ ዶክተር።"

"ኃይል ይዘን ከሄድን የሚያነጋግረን ጠመንጃ ነው። ሁለታችን እንበቃለን።"

"ልብሱ ተቃጥሏል ብለዋል እኮ!"

"የሞጣ ሰው ነኝ፣ አታታልለኝ" አሉ። "የተገደለ ልጇን ጋቢ የምታቃጥል እናት አላየሁም።" ያኔ ገባኝ። በአንዳንድ ቤት ደም የነካው ልብስ አይታጠብም፤ የሟቹ ልጅ እስኪያድግ ተጠቅልሎ ይቀመጥና ሲጎረምስ አውጥተው ያሳዩታል። ታደለ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረው።

ከመኪና ወርደን በእግር ስንጀምር ደጋግሜ ወደ ኋላ እዞር ነበር። ዶክተር ሰይድ ዱላቸውን እየመረኮዙ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። "ሞጣ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት አንድ ሬሳ መጣልኝ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ። በዱላ ተመቷል አሉኝ። እኔም 'በዱላ ተመትቶ' ብዬ ጻፍሁ። ወሩ ሲሞላ ሚስቱ ኮቱን አመጣችልኝ፣ ለበጎ ብላ፣ ለድኃ ይሁን ብላ። ኮቱ ትከሻ ላይ የበቅሎ ኮቴ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። በቅሎ ነው የረገጠው።" ትንሽ ሄዱና ቆሙ። "በዱላ መታ የተባለውን ሰው ከሳምንት በፊት ገድለውት ነበር።" ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያንን ወረቀት መልሰው ቢጽፉትም የሰማቸው እንዳልነበረ ነገሩኝ። እኔም ስለ ሞላሁት ቅጽ እያሰብሁ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኋቸው።

የታደለ እናት እትዬ የሻረግ ይባላሉ። ማቅ ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እንየው ውስጥ ነበር፤ ሲያየን ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ። መውጫው አንድ በር ነው። 

ዶክተር ሰይድ ተንበርክከው የእትዬ የሻረግን ጉልበት ሳሙ። "እናቴ፣ እግዜር ያጽናዎት። ጋቢውን ላይ ነው የመጣሁት" አሉ።

"የምን ጋቢ?" አለ እንየው ከኋላ።

እናትየው ልጃቸውን አላዩትም። "ለልጁ ነው ያስቀመጥሁት። አባቱን ሲጠይቀኝ የማሳየው ሌላ ምን አለኝ?"

"አልወስድብዎትም። እዚሁ አይቼ እዚሁ እመልስልዎታለሁ።"

እትዬ የሻረግ ተነሥተው ከጎታው ኋላ የቆዳ ስልቻ አወጡ። "እማ፣ ተይ!" አለ እንየው። "አትስጪው። ሊያጠፉብን ነው።" እሳቸውም "አንተ ዝም በል" አሉት። ዶክተር ሰይድ ውሃ ለምነው እጃቸውን ታጠቡና ጋቢውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ደሙ ደርቆ ጋቢው እንደ ቆዳ ቆርፍዷል። ዘርግተው አዩት፣ መልሰው ታደለ እንደለበሰው አጠፉት፣ አራት እጥፍ። ቀዳዳዎቹ በአራቱም ላይ ገጠሙ። ከዚያ ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉ፦

"እንየው፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ዞር በልልኝ። ብርሃኑን ጋረድኸኝ።"

በውስጤ "አለቅን" አልሁ። እጄ ሽጉጤ ጋ አልሄደም፤ ቢሄድም የምይዘው አይመስለኝም ነበር። እንየው ግን ዞር አለ። ብርሃኑ ገባ። በላይኛው እጥፍ ላይ፣ በቀዳዳው ዙሪያ፣ የስኒ አፍ የሚያህል ጥቁር ክብ ነበር። ክሩ እሳት እንደላሰው ተኮማትሯል። ከሥር ባሉት እጥፎች ላይ ምንም የለም፣ ቀዳዳ ብቻ። ወፍራሙ ጋቢ እሳቱን ሁሉ ውጦት ነበር፤ ቆዳው ላይ የጠፋው ለዚህ ነው።

ዶክተር ሰይድ ጋቢውን ለእናትየው አቀረቡ። "እናቴ፣ በጣትዎ ይንኩት። ይኼ ደም አይደለም። የባሩድ እሳት ነው። ጥይት ሩቅ ይሄዳል፣ እሳቱ ግን ከአፈ ሙዙ ርቆ አይሄድም። ከዚህ እስከዚህ ነው" አሉና በእሳቸውና በእትዬ የሻረግ ጉልበት መካከል ያለውን ቦታ በእጃቸው አሳዩ። አንድ ክንድ አይሞላም።

እትዬ የሻረግ ጥቁሩን በጣታቸው ዞሩት። "ከማዶ ቢሆንስ?"

"ከማዶ ቢሆን እሳቱ ሸለቆ አይሻገርም።"

 ዶክተር ሰይድ ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም፤ ስም አልጠሩም፣ ወደ በሩም አላዩም። እትዬ የሻረግ ናቸው ቀስ ብለው የዞሩት።

"እንየው" አሉ። "አጠገቡ ማን ነበር?"

ልጁ ዓይኑን ከጋቢው ላይ አላነሣም።  በመጨረሻ "አዳለጠኝ" አለ። "እማ፣ ድንጋዩ አዳለጠኝ። ሠርግ ላይ ተኩሼ ቃታውን አልቆለፍሁትም። ወደቅሁ። ወደቅሁና ጠመንጃው ጮኸ። ምን ብዬ ልንገርሽ? ምን ብዬ?" ይኼን እያለ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ አፈ ሙዙን ወደኛ ሳይሆን ወደ ራሱ አገጭ አዞረ። እኔ በቁሜ ደረቅሁ። ዶክተር ሰይድ ተነሡ። አልሮጡም፣ አልጮኹም። ሕፃን እንደሚቀበል ሰው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "ስጠኝ" አሉት። "ለእናትህ ዛሬ ሌላ መግነዝ አታስፈትላት። ስጠኝ።" ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። ሰጣቸው። እሳቸው ለኔ አቀበሉኝ፣ ጥይቱን ያወጣሁት በሦስተኛው ሙከራ ነው።

እትዬ የሻረግ አላለቀሱም። ከእንየው ይልቅ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። "አንተ ሐኪም፣ ይኼን ባትጽፈውስ? አንዱን አፈር በላው። ሁለተኛውን አንተ ትወስድብኛለህ?"

እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት "አይጻፉት" ባሉልኝ ብዬ ተመኘሁ። ማን ያውቃል? አራታችን ብቻ ነን።

"እጽፈዋለሁ እናቴ" አሉ ዶክተር ሰይድ። "ባዬን ነገ ወደ ደብረ ማርቆስ ይወስዱታል። ግንብ ሥር የተቀመጡት ዘመዶችዎ ከመንገድ ይገድሉታል። ከዚያ የባዬ ልጆች ይኼን ልጅዎን ይገድሉታል፣ ያውም እሱ ባልዋለበት ደም። አሁን ግን ሌላም ነገር እጽፋለሁ። ጥይቱ ከታች ወደ ላይ ነው የሄደው። አነጣጥሮ የሚገድል ሰው መሬት ላይ ተዘርሮ አይተኩስም። ዳኛው ምን እንደሚል አላውቅም፣ አልዋሽዎትም። ያየሁትን ግን ሁሉንም እጽፋለሁ።"

እትዬ የሻረግ ጋቢውን አጠፉ። ነጠላቸውን ለበሱ። "ተነሥ" አሉት ልጃቸውን።

እሳቸው ከፊት፣ እንየው ቀጥሎ፣ ዶክተሩ፣ እኔ ጠመንጃውን ተሸክሜ ከኋላ። ግማሽ መንገድ ላይ አራት የታጠቁ ዘመዶቻቸው ፊት ለፊት መጡ። የእንየው ጠመንጃ እኔ ትከሻ ላይ መሆኑን አዩ። አንደኛው ቃታውን ሲያጮኸው ሰማሁት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳላውቀው ከዶክተር ሰይድ ኋላ ተከለልሁ፤ አንድ ፖሊስ ከአንድ ቀጭን ሽማግሌ ኋላ! እትዬ የሻረግ እርምጃቸውን እንኳ አልቀነሱም። "ዞር በሉ። የልጄን ደም የማውቅ እኔ ነኝ" አሉ። ሰዎቹ ተያዩና ከመንገዱ ወረዱ።

ጣቢያ ስንደርስ እናትየው ቃል ከመስጠታቸው በፊት ባዬን አሳዩኝ አሉ። ከፈትሁላቸው። ባዬ ሲያያቸው ወደ ግድግዳው ተጠጋ። "ባዬ" አሉት፣ "አራት ቀን ሙሉ ስምህን ለታቦት ሰጥቼ አንተንና ልጆችህን ስረግም ነበር። አልገደልኸውም። ዛሬ ሄጄ እርግማኔን አነሣለሁ።" ባዬ ወደ እግራቸው አየና "እትዬ፣ ይኼን ሁሉ መንገድ በእግርዎ መጡ?" አላቸው። ከዚያ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ፤ እንየውም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

እኔ ዶክተሩን ፍለጋ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ጉልበታቸው ላይ ነው፣ እስክሪብቶው መሬት ወድቋል። አንሥቼ ሰጠኋቸው። ያዙትና እንደገና ወደቀ። ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ያየሁት፤ ሁለቱም እጆቻቸው እስከ ክርናቸው ይንቀጠቀጡ ነበር፣ ከኔ የባሰ። እኔ ሞኙ ሰውየው ፍርሃት የሚባል የማያውቁ ይመስለኝ ነበር።

"ዶክተር፣ እርስዎም ፈርተው ነበር እንዴ?" አልኋቸው።

"አሁንም እየፈራሁ ነው" አሉኝ። "እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ጻፍ።"